ቁጥር 417፣ የተበላሸችው ዘንግ

ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሰው ሁሉ በማዕረጉ ሲጠራ አንድ እሱ ብቻ በመለኪያ ይጠራል፤ ጋሽ ሚሊ። ስሙን ያወጡለት ተማሪዎች ናቸው። የምህንድስና ወርክሾፕ ውስጥ ቶርኖ በሚሉት የብረት መላጫ ማሽን ላይ ቆመው የሚሽከረከር ብረት ሲልጡ፣ ከኋላቸው ብቅ ብሎ «ሚሊ! ሚሊ! አንድ ሚሊ ቀልድ መሰለህ እንዴ!» እያለ መጮህ ከጀመረ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ጢሙ ሸብቷል፣ የቱታው ኪስ በካሊፐር መለኪያው ክብደት ተንጠልጥሏል፣ ጡረታ ሊወጣ የቀረው አንድ ዓመት ብቻ ነው። ድምፁ ግን ያው ነው። ማሽኑ ሁሉ ተነስቶ እያጓራ እንኳ እሱን አልሰማሁም የሚል ተማሪ የለም።

የግቢውን ታሪክ ከፈለጋችሁ ቤተ መጻሕፍት ገብታችሁ አትልፉ፤ ወደ እሱ ሂዱ። ብቻ ጊዜ ይኑራችሁ። የዋናው ሕንፃ ሰዓት ለምን ሰባት ደቂቃ እንደሚቀድም ልንገራችሁ ያለ እንደሆነ ምሳችሁ አለፈ ማለት ነው። አንድ የፊዚክስ ተማሪ ነው አሉ፣ የጠዋቱ ትምህርት ቶሎ እንዲያልቅለት ብሎ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የነካካው፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ባለሙያ መጥቶ አቅቶት ተመለሰ። ያ ጉደኛ ዛሬ የአየር ጠባይ የምትከታተል ሳተላይት ይሠራል! የኬሚስትሪ ላቦራቶሪው ኮርኒስ ላይ ያለችው ቡናማ እድፍ ደግሞ የአንዲት ተማሪ ብልቃጥ ፈንድቶ የተረጨ ነው። በየዓመቱ ቀለም ይቀቡታል፣ በየዓመቱ እድፏ ብቅ ትላለች። ልጅቷ አሁን ክትባት ትቀምማለች። ጋሽ ሚሊ ይህን ሁሉ ሲያወራ እሱ የወለዳቸው ይመስል ደረቱን ይነፋል።

ከወሬው ሁሉ የገነነችው ግን የተበላሸችው ዘንግ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምህንድስና አንደኛ ዓመት ተማሪ የመጀመሪያ ሥራው አንዲት አጭር የብረት ዘንግ ቶርኖ ላይ ልጦ ውፍረቷን ልክ ሃያ ሚሊ ማድረስ ነው። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። የመቁረጫውን እጀታ አንዲት ዙር ካበዙት ግን አለቀ፤ የተላጠ ብረት ተመልሶ አይለጠፍም። ሲጨርሱ የመታወቂያቸውን የመጨረሻ ሦስት ቁጥሮች ጫፏ ላይ በመዶሻ ይመታሉ። ያበላሸ ሰው ደግሞ የትም አይጥላትም። የወርክሾፑ ደንብ ነው፤ ጋሽ ሚሊ ተቀብሎ አንድ ትልቅ መሳቢያ ውስጥ ያኖራታል። መሳቢያው ጢም ከማለቱ የተነሣ ለመክፈት ሁለት እጅና አንድ እግር ይፈልጋል።

ታዲያ ተማሪው አበላሽቶ ሆድ ሲብሰው፣ «እኔ ለዚህ ትምህርት አልተፈጠርኩም» ብሎ ቱታውን ማውለቅ ሲጀምር፣ ጋሽ ሚሊ መሳቢያውን ይጎትትና 417 የሚል ቁጥር የተመታባትን ዘንግ ያወጣል። «እቺን አየሃት? ሁለት ሚሊ ከስታለች። የማን ትመስልሃለች? ወንዙ ላይ ያለውን ረጅሙን ድልድይ የሠራችው መሐንዲስ የአንደኛ ዓመት ሥራ ናት! በል አሁን ፊትህን ጥረግና ሌላ ብረት አምጣ።» ልጁም ይጠርጋል፣ ያመጣል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆነ። ወሬው ከአፍ አፍ ዞረ፤ ፈተና ሲደርስ ዘንጓን ለመንካት የሚሰለፈው በዛ፤ ከተነካካች ብዛት አብረቀረቀች።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ውሸት ነው።

ዘንጓ የራሱ የጋሽ ሚሊ ናት። አዎ፣ እሱም በወጣትነቱ እዚሁ የምህንድስና ተማሪ ነበር፤ ለዚያውም አንድ መንፈቅ ብቻ። ዘንጓን ባበላሸ በሦስተኛው ሳምንት አባቱ ሞቱ። እሱ የበኩር ልጅ፣ ከሥሩ አምስት ታናናሾች። ደብተሩን ይዞ በዋናው በር ወጣ፤ በወሩ መጥረጊያ ይዞ በጓሮ በር ተመልሶ ገባ። ከጠራጊነት ወደ ረዳትነት፣ ከረዳትነት ወደ አሠልጣኝነት በገዛ እጁ ጥሮ ግሮ ደረሰ። ይህን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንዷ ሚስቱ ናት።

ሁለተኛዋ ተማሪ ነበረች። በፊትማ እውነቱን ይናገር ነበር እኮ! ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት አንዲት ቀጭን ልጅ ሦስተኛ ዘንጓን አበላሽታ ስትንሰቀሰቅ አንጀቱን በላችውና የራሱን አውጥቶ፣ «አይዞሽ፣ እኔም እዚሁ ተምሬ ይኸው አበላሽቼ ነበር» አላት። ልጅቷ ዘንጓን አየች፣ እሱን አየች፣ ዘይት የጠገበ ቱታውን አየች። «ለዚህ ነዋ እዚህ የቀሩት» አለችው።

እንዲህ ያለ ነገር ሰው ላይ ከተሰካ አይነቀልም። ዘንጓን መሳቢያው ሥር ቀበራት፤ ለማንም አላሳይም አለ። ዓመታት ካለፉ በኋላ አንድ ጠዋት ጋዜጣው ላይ ረጅሙን ድልድይ የሠራችው መሐንዲስ ፎቶ ወጣ። ያቺው ልጅ! በዚያው ሳምንት አንድ ተማሪ ብረት አበላሽቶ ጥግ ይዞ ሲያለቅስ፣ ጋሽ ሚሊ ሳያስበው 417ን አውጥቶ የእሷ ናት አለው። ግማሹ ርኅራኄ ነው፣ ግማሹ ቂም፤ በይ እንግዲህ አንቺ ተሸከሚያት ዓይነት። ልጁ ግን ለቅሶውን አቆመ። ከዚያ ወዲያ ጋሽ ሚሊን ማን ያቁመው?

ጉድ የፈላው ዘንድሮ ነው። ዩኒቨርሲቲው ስድሳኛ ዓመቱን ምክንያት አድርጎ የስመ ጥር ምሩቃን አዳራሽ አሰናዳ። የሳተላይቱ ሰውዬ ንድፍ፣ የክትባቷ ሴት ነጭ ጋውን፣ ሌላም ሌላም በመስታወት ሣጥን ተደረደረ። መሐል ላይ አንድ ባዶ ሣጥን ነበር። በዓሉ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው፣ ሁለት ስልክ በሁለት ጆሮው የሚያወራ ጥድፊያ የማይለቀው ጎረምሳ፣ ከተፍ አለ።

«ጋሼ፣ መሐለኛው ሣጥን የዘንጓ ነው! ሰሌዳውም ተቀርጾ ደርሷል። መርቃ የምትከፍተው ደግሞ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ራሷ ድልድይ ሠሪዋ!»

ጋሽ ሚሊ የያዘውን ካሊፐር አስቀመጠ። «ራሷ?»

«ራሷ! ምነው፣ ደስ አላለዎትም?»

«አይ፣ ዘንጓ ትንሽ… መወልወል አለባት።»

«እንግዲያው ወልውለው በበዓሉ ጠዋት ይዘዋት ይምጡ። ሰሌዳውንም እዚሁ ልተውልዎት፣ አብረው ይሰቅሉታል።» አንዱ ስልክ ጮኸ፣ ሰውየው ሄደ። ጋሽ ሚሊ የናሱን ሰሌዳ ገልበጥ አድርጎ አነበበ፤ «የድልድይ ሠሪዋ የመጀመሪያ ሥራ። ታላቅነት ከስህተት ይጀምራል» ይላል። እዚያው በርጩማ ላይ ዘጭ አለ።

ቤት ሲገባ ሚስቱ የተማሪዎቿን ደብተር እያረመች ነበር፤ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። ነገሩን ሲነግራት ቀይ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ከት ብላ ሳቀች። «ሠላሳ ዓመት ለአንድ ሚሊ ስትጮህ የኖርክ ሰውዬ! ሁለት ሜትር ውሸት ይዘህ ተገኘህ?»

«ሳቂ፣ ሳቂ። እኔ ግን አለቀልኝ። ሰው ፊት ውሸታም ብትለኝ ከእንግዲህ የትኛው ተማሪ ያምነኛል? የሰዓቱም ወሬ ውሸት፣ የእድፉም ወሬ ውሸት፣ ሃያ ሚሊ ነው ያልኩትም ውሸት ሊባል ነው። ልወጣ አንድ ዓመት ሲቀረኝ! ከአፌ በቀር ምን አለኝ?»

ሚስቱ ሳቋን ዋጥ አደረገች። አጠገቡ መጥታ ተቀመጠችና፣ «እሷ ሳትናገር ቀድመህ ንገራት» አለችው። «ምን ብዬ?» ሲላት፣ «እንዳደረግከው ነዋ! እኔ ለተማሪዎቼ የተሳሳተ ነገር ካስተማርኩ በማግሥቱ ቆሜ አርማለሁ። አንተ ደግሞ አሥራ ሁለት ዓመት ዘገየህ፤ ምን ይደረግ» አለችው። ከዚያ ንጹሕ ሸሚዝ ልትተኩስለት ተነሣች።

በበዓሉ ዕለት በር ላይ ጠብቆ ሊያናግራት አስቦ ከሥነ ሥርዓቱ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ደረሰ። ወርክሾፑን ሊከፍት ሲል ግን ጥበቃው ለእንግዳዋ ቀድሞ ከፍቶላት ኖሯል። ድልድይ ሠሪዋ ኮቷን ወንበር ላይ ጥላ፣ ሦስተኛውን ቶርኖ በመዳፏ እየዳሰሰች ቆማለች። ፀጉሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሏል። ቅጥነቷ ግን ያው ነው።

«እንኳን ደህና መጡ» አለ ጋሽ ሚሊ፣ እንደ እንግዳ እጅ ነስቶ።

«ኧረ ጋሼ! ምነው አንቱ አሉኝ? አንቺ ይበሉኝ እንጂ!»

ሁለት ቀን ሙሉ ሲያጠናው የነበረው ንግግር ከአእምሮው ብን ብሎ ጠፋ። ዘንጓን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ያንቺ አይደለችም» አለ። «የኔ ናት። አሥራ ሁለት ዓመት ዐይኔን በጨው አጥቤ ያንቺ ናት እያልኩ ዋሽቻለሁ።»

አንስታ ቁጥሯን አየች። «አውቃለሁ። የኔ ቁጥር 266 ነው። እቺን ደግሞ በደንብ አስታውሳታለሁ።» ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም። «ያልኩዎትንም አስታውሳለሁ።»

«ተይው፣ ልጅ ነበርሽ።»

«አልተወውም! ከአፌ እንደወጣ ነው የቆጨኝ። እርስዎ ግን አልተቆጡኝም። ዘንጓን ወደ መስኮቱ አስጠጉና ‹እዪ፣ እዚህ ጋ ነው እጄ የቸኮለው› ብለው አሳዩኝ። አራተኛዋን ሃያ ሚሊ አመጣሁ። ዛሬም ምሰሶ ሲተከል ሰው ሁሉ ሲያጣድፈኝ ያ ድምፅዎ ይመጣብኛል። ይቅርታ ልጠይቅዎት ስንት ደብዳቤ ጀምሬ ቀደድኩ መሰለዎት!»

ጋሽ ሚሊ በርጩማውን ስቦ ተቀመጠ። ለካ ሃያ ስድስት ዓመት ሲያመነዥክ የኖረው ያቺን አንዲት ቃል ብቻ ነው። ከቃሏ በኋላ ማስተማሩን ጭራሽ ረስቶታል።

«ታዲያ ለምን ‹የእሷ ናት› አሉ?» አለችው ቀስ ብላ።

«የኔ ናት ብል ማን ይጽናናል? እሱን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ።»

ፊቷ ደም መሰለ። ከዚያ የሸሚዟን እጅጌ ሰበሰበችና፣ «ሰሌዳው የት አለ? ጀርባው ንጹሕ ነው አይደል? መቅረጫ ያምጡ፣ እኔ እይዝልዎታለሁ» አለች። አንድ ሰዓት ሙሉ እሷ ሰሌዳውን በሁለት እጇ ጥርቅም አድርጋ ይዛ፣ እሱ ፊደል በፊደል ቀረጸ። የሕዝብ ግንኙነቱ ልጅ መጥቶ ሲያያቸው ሁለቱም ስልኮቹ ከእጁ ሊወድቁ ነበር። «ኧረ ጋሼ በፈጠረዎት! ፕሬዚዳንቱ ምን ይላሉ?»

«ምንም አይሉም፤ መራቂዋ እኔ ነኝ» አለችው።

አዳራሹ በሰው ጢም ብሎ ነበር። ድልድይ ሠሪዋ ጨርቁን ገለጠችና ሰሌዳውን ጮክ ብላ አነበበች፤ «417። ይህችን ያበላሸው እናንተን የሚያስተምራችሁ ሰው ነው።» ከዚያ ታሪኩን የራሷንም ስድብ ጨምራ አንድ ሳታስቀር ተናገረች። ጋሽ ሚሊ በሩ አጠገብ ቆሟል። ሲጠሩት ወጣ ብሎ፣ «ዋሽቻችኋለሁ፤ ይቅርታ። የሰዓቱና የእድፉ ግን እውነት ነው» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፣ ጭብጨባው ቀለጠ። ሁሉም አልሳቀም፤ አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር «አሥራ ሁለት ዓመት!» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። እሱም እውነታቸውን ነው ብሎ አቀረቀረ። ድልድይ ሠሪዋ ልትሄድ ስትል፣ ከበዓሉ በኋላ ሣጥኑ ውስጥ ሌላ ነገር እንዲገባ፣ ዘንጓ ግን ወደ መሳቢያዋ እንድትመለስ፣ ሰሌዳውም መሳቢያው ላይ እንዲሰቀል ኃላፊዎቹን አስማማች።

በሳምንቱ ወርክሾፑ ጭር አለ። ፈተና ደርሷል፣ ዘንጓን ሊነካ የመጣ ግን አንድም ሰው የለም። ጋሽ ሚሊ በውስጡ የፈራሁት ደረሰ ይላል።

በሁለተኛው ሳምንት አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ አበላሸች። ይቺኛዋ አላለቀሰችም፤ መነጽሯን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ ቱታዋን ማውለቅ ጀመረች። በበዓሉ ዕለት ቤተሰቦቿ ጋ ነበረችና የሰማችው ነገር የለም። ጋሽ ሚሊ እጁ መሳቢያው ላይ ቆየ። ሰሌዳውን አየ። እንደ ምንም ጎተተውና 417ን አወጣ።

«እቺን አየሻት? ሁለት ሚሊ ከስታለች።»

«የማን ናት?»

ዘንጓን ዘረጋላት። «የኔ።»

ልጅቷ ዘንጓን አየች፣ እሱን አየች፣ ዘይት የጠገበ ቱታውን አየች። ጋሽ ሚሊ ያችኑ የድሮዋን ቃል ጠበቀ። እሷ ግን ዘንጓን ከእጁ ተቀብላ ወደ መስኮቱ ሄደችና በብርሃኑ አገላበጠቻት።

«የቱ ጋ ነው የተሳሳቱት?» አለች።

ጋሽ ሚሊ መነጽሩን ከኪሱ አወጣ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ ዐይኑንም ጠረገ። «እዚህ ጋ» አለ። «እዚህ ጋ ነው እጄ የቸኮለው። ያንቺንም አምጪያትና አብረን እንያት።»