ድስቱ ላይ የታየው እርሳስ

ድስቱን ያመጡት ሽማግሌ የመንጌ ወረዳ ሰው ናቸው፤ አሶሳ ገበያ ዳር ከመኪና የወለቀ አሉሚኒየም እያቀለጡ ድስት ይሠራሉ። ድስታቸው መርዝ አለው ተብሎ ስለታሙ ራሳቸው ዩኒቨርሲቲ ድረስ ይዘውት መጡ። እኔ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ሥራዬ ቤተ ሙከራው ውስጥ የሚመረመረውን ብረት ፊት በሸካራ ወረቀት ፍቆ ማዘጋጀት ነበር።

የመመርመሪያ ማሽኑ ሌዘር ድስቱን ሲመታው ጠቅ ይልና ብልጭታ ይወጣል። ብረቱ ውስጥ ምን እንዳለ ከብልጭታው ብርሃን ኮምፒውተሩ ያነባል። መምህሬ አንድ ቦታ መትተው አያምኑም፤ አሥር ቦታ ይመታሉ። በአሥሩም ቦታ መርዛማው እርሳስ ታየ።

"ለጤና ቢሮ መጻፍ አለብኝ" አሉ መምህሬ። "እስከዚያው ባይሸጡ ይሻላል።"

"ወላሂ እርሳስ አላስገባሁም" አሉ ሽማግሌው። "ልጆቼም በዚህ ድስት ነው የሚበሉት።"

በዚያች ቅጽበት እጄ ላይ የቀረውን ሸካራ ወረቀት አየሁት። ጠዋት ማሽኑን ልክ ለማስያዝ የባትሪ እርሳስ የፋቅሁበት ነበር። አዲስ ወረቀት መደርደሪያው ላይ ሞልቷል፤ እኔ ግን ቆጣቢ ለመባል በዚያው ድስቱንም ፈቅፍቄው ኖሯል። የእርሳሱን ዱቄት ድስቱ ላይ ያዳረስኩት እኔ ስለሆንኩ መቶ ቦታ ቢመታም መልሱ ያው ነበር።

ብናገር ቤተ ሙከራው ዳግም እንደማልገባ ታወቀኝ። መምህሬ ደብዳቤውን መጻፍ ጀመሩ። ሽማግሌው ድስቱን ማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ይከቱ ነበር።

"መምህር" አልኩ። "ወረቀቱ… ጠዋት ባትሪውን የፋቅሁበት ነው።"

አልተቆጡኝም። አዲስ ወረቀት አንስተው ድስቱን ራሳቸው በደንብ ፋቁት። ጠቅ ባለ ቁጥር ጥፋቱ የኔ ብቻ እንዲሆን እየለመንኩ ቆጠርኩ። አሥረኛው አለቀ። እርሳስ የለም።

"ማሽኑ ነው የተሳሳተው?" አሉ ሽማግሌው።

መምህሬ ወደ እኔ ዞሩ። "አዎ" የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር።

"እኔ ነኝ፣ አባባ።"

ሽማግሌው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። "እንግዲህ ገበያ አብረን እንሄዳለን። ያሙኝ ሰዎች እዚያ ነው ያሉት። አንተ ትነግራቸዋለህ።"

"እሺ" አልኩ። ሰዎቹ ስንት እንደሆኑ ለመጠየቅ ፈርቼ፣ ድስቱን ተሸክሜ ከኋላቸው ወጣሁ።