በማርያም ቀን የነካኋት ቁልፍ

እኛ ቤት ወር በገባ በሃያ አንድ፣ በማርያም ቀን፣ አይታረስም፣ አይፈጭም፣ ልብስም አይታጠብም። አባቴ ቄስ ናቸው፤ ጎረቤት በዓል ሲሽር ካዩ ከበሩ ላይ ቆመው ሳይገሥጹ አያልፉም። እናቴ ካረፈች ወዲህ ላሊበላ ባለው ቤታችን የቀረነው እሳቸውና እኔ ነን። እኔ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ። እንግዳው ቀረ፣ ሆቴሉ ተዘጋ፣ መንገዱም ዛሬ ተከፈተ ሲሉት ነገ የሚዘጋ ሆነ። ተቀምጬ ግድግዳ ከማይ ብዬ በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ኮድ መጻፍ ተማርኩ።

አዲስ አበባ ያለ አንድ ቢሮ ለሥራ ሊፈትነኝ ፈቀደ። ካለፍኩ ከዚህ እወጣለሁ ማለት ነው። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም፤ መውጣት፣ መውጣት ብቻ! የፈተናውን ኮድ ጨርሼ የቀረኝ መልኩን ማስተካከል ነበር። ያ ቢሮ አንድ ቅንፍ ውስጥ የታጨቀ ረጅም መስመር አይወድም፤ እያንዳንዱ ነገር የራሱን መስመር ይዞ ቁልቁል ይውረድ ይላል። አጭሩን ደግሞ መልሰሽ ወደ አንድ መስመር ሰብስቢው ይላል። በእጅ ከሆነ አበሳ ነው፤ አንዲት ኮማ ከተሳሳተች ሁሉም ይበላሻል። ደግነቱ ለዚሁ ጉዳይ የተሠራች ፕለጊን አለች፤ ኮዱን ከምጽፍበት ፕሮግራም ላይ የምትለጠፍ ተጨማሪ መሣሪያ ናት። መስመሩ ላይ ሆኜ አንድ ቁልፍ ስነካ ትዘረጋዋለች፣ ደግሜ ስነካ ትሰበስበዋለች።

የማስረከቢያው ቀን ከማርያም ጋር ገጠመ። አባቴ ከቅዳሴ ሲመለሱ ላፕቶፑ ላይ አጎንብሼ አገኙኝ።

«ምነው ልጄ፣ ዛሬ ማን እንደሆነች ረሳሽ? ዝጊው!»

ደነገጥኩ። ጠፍቶ የከረመው ኔትወርክ ገና ያን ቀን መምጣቱ ነው፤ ብዘጋው አለቀልኝ።

«አባባ፣ ይሄ እኮ ሥራ አይደለም። ይምጡና ይዩ።»

አጠገቤ አስቀምጫቸው ቁልፏን ነካሁ። መስመሩ ተዘርግቶ ቁልቁል ወረደ። ደግሜ ነካሁ፣ ተሰበሰበ። «እኔ ምን ሠራሁ? ራሷ ናት የምትሠራው። ጣቴ እንኳ አልደከመም» አልኳቸው።

መነጽራቸውን በነጠላቸው ጠርገው መልሰው አደረጉ። «እስቲ ድገሚው።» ደገምኩት። «ወይ ጉድ!» ብለው ሳቁ፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ እንዲያ ሲስቁ አላየኋቸውም። «እውነትሽን ነው፤ ይሄማ ሥራ አይደለም።»

ፈተናውን ላክሁ። ጠበቃ መሆን ነበረብኝ እኮ እያልኩ ራሴን ሳደንቅ ዋልኩ። አባቴም ነገሩን በልባቸው አልያዙትም። በጽዋ ማኅበራቸው አንድ ቄስ «ልጅዎ በበዓል ትሠራለች ይባላል» ቢሏቸው፣ «ቁልፍ መንካት ሥራ ነው? በዓይኔ አይቻለሁ!» ብለው በሁሉም ፊት ተሟገቱልኝ።

ፈተናውን አለፍኩ። ነገር ግን ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ሆነሽ አይሆንም፣ እዚሁ ነይ አሉኝ። መንገዱም እንደ ዕድል ሆኖ ያን ሰሞን ተከፍቶ ነበር። የአባቴን ጉልበት ስሜ «ይመርቁኝ፣ ለሥራ አዲስ አበባ ልሄድ ነው» አልኳቸው።

«የምን ሥራ?»

«ያ ያሳየሁዎት ነዋ።»

«ሥራ አይደለም ያልሽኝ አንቺው አይደለሽም? ሥራ ላልሆነ ነገር ነው እኔን ብቻዬን ትተሽኝ የምትሄጂ?»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። «ሥራ ነው አባባ! ራስ የሚያዞር ሥራ ነው! ያሳየሁዎት ጫፉን ብቻ ነው!» ብዬ ጮህኩባቸው። ከዚያ በፊት ድምፄን ከፍ አድርጌባቸው አላውቅም።

«እንግዲያስ» አሉ ቀስ ብለው፣ «በማርያም ቀን ሠርተሻል። እኔም ቄሱ አጠገብሽ ተቀምጬ አሠርቼሻለሁ። በማኅበሩ ፊትም ዋሽቻለሁ።» ሊመርቁኝ ያነሡትን መስቀል መልሰው አስቀመጡት። «ንገሪኝ ልጄ፤ ሥራ ነው ወይስ አይደለም?»

እኔን ለማስቀረት ያመጡት ዘዴ ቢሆን ኖሮ በተጣላኋቸው። ግን ከልባቸው ነበር። ሥራ ነው ካልኩ መሄዴ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ከዚያ በኋላ መቅደስ ለመግባት እግራቸው እሺ እንደማይላቸው አውቃለሁ። የገዛ ምላሴን ነክሼ መጣል አማረኝ።

«አይደለም» አልኩ።

ለቢሮው አልመጣም ብዬ ጻፍኩ። መንገዱም ተመልሶ ተዘጋ። በሚቀጥለው ማርያም እኒያ የከሰሱኝ ቄስ ጠላ ሊቀምሱ ቤታችን መጡ። አባቴ ከተቀመጡበት ደስ ብሏቸው ጠሩኝ።

«ነይ እስቲ አሳዪያቸው! አንዲት ቁልፍ ናት!»

ላፕቶፑን ከፍቼ ያንኑ የፈተናውን ኮድ አወጣሁ። ቁልፏን ነካሁ፣ ተዘረጋ። ደግሜ ነካሁ፣ ተሰበሰበ።

«አዩ?» አሉ አባቴ፣ ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ። «ምንም አትሠራም።»