ቢላ ይዞ የመጣው ሰውዬ

ተበላ ከተማ ለገበያ የወጣሁ ቀን ነው። ሥጋ ቤት ገብቼ ቁርጥ አዘዝኩ። ሌላ ቦታ ስላልነበረ ከአንድ የማላውቀው ጎልማሳ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። እሱ ምንም አላዘዘም። በእጁ ግን ከቤቱ ያመጣው ረጅም ቢላ አለ።

«አባባ፣ ወንድሜ ምን እንዳደረገኝ ልንገርዎት?» አለኝ።

«ንገረኝ» አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

ጀመረ። «ወንድሜ» ባለ ቁጥር ቢላውን ጠረጴዛው ላይ ይሰካዋል። ዓይኔን ከቢላው ላይ ብነቅል አንገቴን የሚለኝ መሰለኝ። ሥጋው ከማባያው ዳጣ ጋር ፊቴ ቀርቦ አንዲት ቁራጭ አላነሣሁም። «ይሰሙኛል?» ሲለኝ «እህ» እላለሁ።

ብዙ ተናገረ። ከዚያ ብድግ ሲል በልቤ ጸሎት ጀመርኩ። ቢላውን በጨርቅ ጠቀለለና እጄ ላይ አስቀመጠው።

«ወደ ወንድሜ ቤት እየሄድኩ ነበር፣ አባባ። ሊያስታርቁን የመጡት ሽማግሌዎች እንኳ ስነግራቸው ስልካቸውን ይነካካሉ። እርስዎ ምግብዎን ትተው ሰሙኝ። በቃ፣ ወደ ቤቴ ልግባ» ብሎኝ ወጣ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ወንድሙ ምን እንዳደረገው አንዲት ቃል አልሰማሁም።