መዝሙርም ዘፈንም ያልሆነው

በባሏ በአማኑ ለቅሶ በሦስተኛው ቀን፣ ሚልካ የእሱን ፍላሽ ይዛ ወጥታ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ስፒከር ላይ ሰካችው። አማኑ ከወንጂ ስኳር ፋብሪካ ጡረታ ወጥቶ አዳማ ከገባ ወዲህ ፍላሹ ላይ ካለው የአሜሪካ ኦርኬስትራ ሙዚቃ ሌላ የሚሰማው አልነበረውም። እሷም "ኧረ ቀንሰው፣ አደነቆርከን!" ስትለው ኖረች።

ለቀስተኛው መዝሙር ሲጠብቅ ቫዮሊኑ ተነሣ።

"ዘፈን ነው እንዴ? ያውም በለቅሶ!" አለች አሳየች የምትባል ጎረቤቷ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ። አንዱ የፊልም ሙዚቃ ነው አለ፤ ሌላው የለም፣ የወታደር ሰልፍ ነው ብሎ ተከራከረ።

በመጨረሻ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ጋሽ ካሣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እህት ሚልካ፣ ይሄ ነገር ዘፈንም አይደል፣ መዝሙርም አይደል። ቃል የለውም። ሐዘንተኛን የሚያጽናናው ደግሞ ቃል ነው። ዝጊውና መዝሙር ይከፈት።"

ሚልካ ተነሥታ ወደ ስፒከሩ ሄደች። አልዘጋችውም፤ ድምፁን ጨመረችው።

"ይተዉት፣ ጋሽ ካሣ" አለች። "አማኑ ከሞተ ወዲህ 'ቻይው፣ በቃሽ' ያላለኝ ይሄ ብቻ ነው።"