አምስት ቀን የምትችል መሬት

ክሪኬት የሚያይ ሰው ዓይኑ መቺውና ወርዋሪው ላይ ነው። ከእግራቸው ሥር ያለችውን፣ ፒች የሚሏትን ሃያ ሜትር መሬት ልብ የሚላት የለም፤ ነገር ሲበላሽ ብቻ ስሟ ይነሳል፤ አብሮም የፓንዱራንግ ሺርኬ ስም። ፓንዱራንግ በሕንድ፣ በአንዲት የማሃራሽትራ ከተማ ስታዲየም ፒቿን ሲያጠጣ፣ ሣሯን ሲከረክምና ሩሎ ሲነዳባት ያረጀ ሰው ነው። ትንሽ ትልቁ «ካካ»፣ አጎቴ እንደ ማለት፣ ይለዋል።

አምና አንድ ጥፋት አጠፋ፤ እሺ አለ። የአገሩ ቡድን አሰልጣኝ ኳስ የሚያሾሩ ወርዋሪዎች ስላሉትና ኳሷም ደረቅ መሬት ላይ ይበልጥ ስለምትታጠፍ መሬቷ እንድትደርቅለት ፈለገ፤ ካካም አሥር ቀን ሙሉ ውሃ ነፈጋት። ተሰነጣጠቀች። ኳሷ አንዴ ወደ ቁርጭምጭሚት፣ አንዴ ወደ አገጭ እየተፈናጠረች መቺ መቆሚያ አጣ። አምስት ቀን የሚፈጀው ግጥሚያ በሦስተኛው ቀን ከምሳ በፊት አለቀ። ቡድኑ አሸንፎ ጨፈረ፤ መሬቷን የሚመዝነው የግጥሚያው ታዛቢ ግን «መጥፎ መሬት» ብሎ ጻፈ። ከተደገመ ከተማዋ ዳግመኛ የአምስት ቀን ግጥሚያ አይሰጣትም። ካካ ያን ሰሞን እህል አልወርድ አለው።

ዘንድሮም አሰልጣኙ ካካ ዕቃውን ወደሚያስቀምጥበት መጋዘን መጣ።

«ካካ፣ የአምናዋን ይድገሙልኝ። ከዛሬ ጀምሮ ጠብታ ውሃ እንዳይነካት።»

«የአምናዋ ሞታለች፣ ጌታዬ።»

«ይቀልዳሉ እንዴ? እንሸነፍ ነው የሚሉኝ?»

«ተጫወቱ ነው የምለው። የመጀመሪያው ጠዋት ለፈጣን ወርዋሪ፣ መሃሉ ለመቺ፣ መጨረሻው ለእርስዎ ኳስ አሿሪዎች። ለሁሉም ድርሻ ድርሻውን።»

«ከተሸነፍን ጥፋቱ የእርስዎ ነው! ለጋዜጠኛውም ይህንኑ ነው የምናገረው!» ብሎ በሩን አላትሞ ወጣ።

ካካ በየማለዳው አጠጣት። የብስክሌቱን ቁልፍ መሬቷ ላይ እየሰካ ይለካል፤ ቁልፉ ግማሽ ድረስ ገብቶ ከተያዘ እርጥበቷ ልክ ነው። በዋዜማው እንደ ወጉ ለሩሎው የአበባ ጉንጉን አጠለቁለት፣ ኮኮናት ሰብረው ጸለዩለት። ሚስቱ ሱማን፣ «በሠርጋችን ቀን እንኳ እንዲህ አልጸለዩም!» ብላ ሠራተኞቹን አሳቀቻቸው። ካካ ግን አልሳቀም፤ ፈርቷል። እሱም እኮ የዚያው ቡድን ደጋፊ ነው።

አራት ቀን ሙሉ አሰልጣኙ በአጠገቡ ሲያልፍ ፊቱን አዞረበት። ጨዋታው ግን ሌላ ነበር። ፈጣኖቹ መጀመሪያ አስጨነቁ፣ መቺዎቹ ቀጥለው ተደላደሉ፤ ማን እንደሚያሸንፍ የሚያውቅ ጠፋ። አምስተኛው ቀን ሊመሽ ሲል የእንግዶቹ የመጨረሻ መቺ ብቻ ቀረ። እሱ ከወጣ አገሬው ያሸንፋል፤ እስኪመሽ ከቆመ እኩል ለእኩል ነው። ካካ መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ውሃውን ረገመ። «ምናለ ትንሽ ባስጠማኋት!» አለ።

ሦስት ኳስ ሲቀር፣ ኳስ አሿሪው የወረወራት ኳስ በአምስት ቀን እግር የተላጠው ቦታ ላይ አርፋ ታጠፈች፤ ከመቺው ኋላ የተተከሉትን እንጨቶችም በተነቻቸው፤ መቺው ወጣ። ስታዲየሙ በጩኸት ተናወጠ። ካካ እዚያው ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ። ታዛቢው በዚያው ምሽት «በጣም ጥሩ መሬት» ብሎ ጻፈ።

ጭፈራው ሳይበርድ የእንግዶቹ አምበል ላቡን እንኳ ሳይጠርግ ወደ መጋዘኑ መጣና ጭቃ የያዘውን የካካን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ። ካካ ቋንቋውን አያውቅም። ያስተረጎመለት ተከትሎ የደረሰው አሰልጣኝ ነበር፤ አንገቱን አቀርቅሮ።

«‘ተሸነፍን እንጂ አልተበደልንም’ ይላል፣ ካካ።»

ካካን ብዙ አሸናፊዎች እጁን ጨብጠውታል። ተሸናፊ ሲጨብጠው ግን ይህ የመጀመሪያው ነበር።