የሴራሚኩ ወለል

ከላሊበላ ወጣ ብሎ አዲስ በተቆረቆረው ሰፈር አዲስ ቤት ገዛሁ። ሻጩ ቦታው ድንጋይ ብቻ የሞላበት ጠፍ መሬት እንደነበር ምሎልኝ ነበር። ከመግባታችን በፊት ጠበል እንዲረጩልን የነፍስ አባታችንን ጠራን። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ጫማቸውን አወለቁ።

«አባታችን፣ ግድ የለም በጫማዎ ይግቡ፤ ሴራሚኩ ይቀዘቅዝዎታል» አልኳቸው።

«ለቤቱ ብዬ አይደለም ልጄ። እዚህ ወላጅ አባቴ ገብስ የሚወቁበት አውድማ ነበር። በጫማ ረግጠነው አናውቅም» አሉኝ።

ከዚያ ጠበሉን ረጭተው፣ መርቀውን ሄዱ። አንዲት የቅሬታ ቃል አልወጣቸውም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬም እንግዳ ጫማውን እንዳደረገ ሲገባ ቱግ እላለሁ። ሰው ሁሉ ለሴራሚኩ የምሳሳ ይመስለዋል።