በሌለበት የተፈረደበት ሰውዬ

ዛሬ የልጅ ልጄ ቅድስት ከትምህርት ቤት ይዛ የመጣችውን ወረቀት ሳይ ደሜ ፈላ። አሥረኛ ክፍል ናት። ዓለም ባንክ ባለው ቤታችን ሶፋው ላይ ተቀምጣ ስለ አንድ የቆየ የእንግሊዝኛ ልቦለድ የወጡ ጥያቄዎችን ትሠራለች። ሰባተኛው፣ «ድሃውን ጉድጓድ ቆፋሪ ለጥፋት የዳረገው ምንድን ነው?» ይላል። ከአራቱ ምርጫዎች «ለ»ን አክብባለች። የራሱ ስግብግብነት ማለት ነው።

«ማነው እንዲህ ያላችሁ?» አልኳት።

«ቲቸር ናቸዋ። ኖቱ ላይም አለ፣ አባባ።»

ያንን ኖት አውቀዋለሁ። ከሃምሳ ዓመት በፊት፣ በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት፣ እኔም ኮልፌ ውስጥ እያስጻፉኝ ጽፌዋለሁ።

ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ አጣና ተራ የሰው ባሕር ዛፍ እየተሸከመና እየከመረ ያሳድገናል። ድሮ ከሆለታ ማዶ መሬት ነበረው፤ አንድ ባላባት ነጠቀውና ሰባት ዓመት ሲሟገት ቆይቶ ባዶ እጁን ከተማ ገባ። ፊደል አልቆጠረም፤ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ግን ሲቆጥር ኖሯል።

መጽሐፉ ለሦስት ተማሪ አንድ ነበር። የእኔ ተራ ቅዳሜና እሑድ ስለሆነ፣ ቅዳሜ ለአባቴ ምሳ ሳደርስ ይዤው እሄዳለሁ። ግንቦት ነበር፤ ዝናቡ ቀድሞ ገብቶ የኮልፌ ጭቃ ጫማ ያወልቃል። እርጥብ አጣና ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን እናቴ የሰጠችኝን ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ እየነከርን እንበላለን። እኔ እንግሊዝኛውን እያነበብኩ በአማርኛ እነግረዋለሁ። የድንቹ ትኩሳትና የባሕር ዛፉ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

ታሪኩ ቀላል ነው። በቀን ሥራ የሚኖር ጉድጓድ ቆፋሪ፣ ሲቆፍር አንድ እንስራ ወርቅ ያገኛል። ለልጁ ጫማ፣ ለጎጆው ክዳን ይመኛል። ወዲያው ባለመሬቱ መጣ፤ ሹሙ መጣ፤ ዘመድ ነን ባዮች መጡ፤ ዳኛው ወርቁን በአደራ ተረክቦ ዛሬ ነገ ይል ጀመር። መጨረሻ ላይ ሰውየው ሚስቱንም ቤቱንም አጥቶ፣ ወርቁን ላስቀረበት ለዚያው ዳኛ ያንኑ ጉድጓድ በቀን ሂሳብ ሲቆፍር እናገኘዋለን።

አባቴ ድንቹን መልሶ አስቀመጠው። «ድሃ በሕልሙ ቅቤ ባይጠጣ ንጣት ይገድለው ነበር» አለ። «እሱ ግን በእውኑ አገኘና ገደሉት። ለመሆኑ ይግባኝ አላለም?»

የክፍል ፈተናው ላይ ያው የዛሬው የቅድስት ጥያቄ ወጣ። እኔም የአባቴን ቃል ጻፍኩ። ሰውየው የጠየቀው ጫማና ክዳን ነው፤ ስግብግቦቹ የከበቡት ናቸው፤ አጥፊውም ዳኛው ነው አልኩ። ክራቫት የማይለየው ወጣቱ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ከአርባ ዜሮ ሰጠኝ። እንደ ኖቱ አስተካክዬ ካልጻፍኩም ለመልቀቂያ ፈተና እንደማልመዘገብ በክፍሉ ፊት ነገረኝ። ቤት ሄጄ አለቀስኩ። ያለዚያ ፈተና የሚጠብቀኝ ያው የአጣና ሸክም ነበር።

ሰኞ ጠዋት አባቴ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ጭቃውን እየረገጠ፣ ትምህርት ቤት መጣ። አስጠርተውኝ ስገባ መምህራኑ ክፍል መሐል ቆሟል። ዳይሬክተሩም ነበሩ።

«የኔታ» አለ አስተማሪውን፣ በአክብሮት እጅ ነስቶ። ለክራቫት ለባሽ እንዲህ ሲባል ሰምተው የማያውቁት መምህራን ከወዲሁ መሳቅ ጀመሩ። «ይግባኝ ልል ነው የመጣሁ።»

«ስለ ልጅህ ውጤት ነው?» አለው። አባቱ የሚሆንን ሰው «አንተ» ሲል ቅር አላለውም።

«የለም። ስለ ሰውየው ነው።»

«የቱ ሰውዬ?»

«ጉድጓድ ቆፋሪው ነዋ! በሌለበት ተፈርዶበታል።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አባቴ ግን ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ እንደ ችሎት ቀጠለ። «ለልጁ ጫማ ያማረው ሰው ስግብግብ ከተባለ፣ እኔም ስግብግብ ነኝ። ወርቁን ተረክቦ የቀረው ዳኛ ምን ተባለ? በእሱ ላይ ጥያቄ አውጥታችኋል?»

ሳቁ ቀነሰ። አስተማሪው ፊቱ ቀላ። «ምስክር አለህ?» አለ ሊያላግጥ።

«አለኝ» አለ አባቴ፤ ወደ እኔም ዞረ። «መጽሐፉን ያነበበልኝ እሱ ነው። ይናገር።»

ዳይሬክተሩ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «እህ፣ ምን ትላለህ?»

የአባቴን ጭቃ የበላው ባዶ እግር አየሁ። ከሳቂዎቹ አንዱ መሆን አማረኝ፤ ፈተናውም ታየኝ። «አባቴ አልገባውም» አልኩ። «በደንብ አልተረጎምኩለትም። አጥፊው ራሱ ሰውየው ነው።»

አባቴ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ጋቢውን አስተካክሎ እጅ ነሳና፣ «ምስክር ከከዳ ሙግት የለም» ብሎ ወጣ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ምሳውን ሳደርስ ጎን ለጎን የምንቀመጥበትን አጣና አላሰናዳልኝም። ከዚያ በኋላ አንብብልኝ ብሎኝ አያውቅም።

እርማቱን ጽፌ ከአርባ ሠላሳ ስምንት አገኘሁ። ፈተናውን አለፍኩ፣ መንግሥት ቤት ገባሁ፣ ይኸው ጡረታ እበላለሁ። ያ አስተማሪ ደግሞ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ክራቫቱን ፈቶ አደባባይ ላይ «መሬት ለአራሹ!» እያለ ሲጮኽ አየሁት። አራሹ እፊቱ ቆሞ ሲናገር የሳቀው ያ ሰውዬ! አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። በእሱ ላይ የመቆጣት መብት እንደሌለኝ ማወቄ ደግሞ የበለጠ ያንገበግበኛል። እሱ ሳቀ እንጂ፣ አባቴን አልከዳውም።

ይህን ሁሉ ለቅድስት ነገርኳት። እርሳሷን እንደያዘች ሰማችኝ። ከዚያ «ለ»ን አየች፣ እኔን አየች።

«አባባ፣ ያሳዝናል» አለች። «ግን ውጤት አለው። ሌላ ባከብብ ኤክስ ነው የሚሆንብኝ።»

«እንግዲያው ነገ እኔ መጥቼ አነጋግራቸዋለሁ።»

«ኧረ በእግዚአብሔር! እባክዎ እንዳይመጡ! ልጆቹ ይስቁብኛል።»

አልፈረድኩባትም፤ «ለ»ን ከእሷ በፊት ያከበብኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ እኔም ተነስቼ ጋቢዬን ከሳጥን አወጣሁ። ነገ ጠዋት እሄዳለሁ። ትፈርብኝ። እኔም በአባቴ አፍሬ ነበር።